የመጽሔት ሽፋንና ጥንድ ገጽ፤ ከጣና የብራና መጻሕፍት አንጻር የቀረበ ትችት

መግቢያ

ንድፍ ለሚማር ሰው ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ የመጽሔት ሽፋንና በውስጡ የሚገኘውን የዋናውን ጽሑፍ ጥንድ ገጽ መሥራት ነው። ጥንድ ገጽ ስል መጽሔቱ ሲገለጥ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ገጾች ማለቴ ነው። ልምምዱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሥዕል፥ አንድ አርእስትና ጥቂት ዓምድ ጽሑፍ ብቻ ይጠይቃልና። ይሁን እንጂ ተማሪው ስለ ሥዕል፥ ስለ ፊደልና ስለ አንባቢ ያለው አስተያየት ሁሉ በእነዚህ ሦስት ገጾች ላይ ይገለጣል። ስለዚህ ሥራው እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚማር ሰው ደግሞ ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ከተማዪቱ በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከተከፈተባት ጊዜ ጀምሮ የእጅና የመሣሪያ ሥራ የሚማሩባት ስፍራ ሆናለች፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ንድፍ ትምህርት ይሰጣል። ከዚሁ ከተማ በጀልባ ጥቂት ሄደን በምናገኛቸው ደሴቶችና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያሉት ገዳማት በብራና ላይ የተጻፉ መጻሕፍትን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው ኖረዋል። እነዚህ መጻሕፍት ለንድፍ ተማሪ የቅርብ ትምህርት ቤት ሊሆኑለት ይገባል። ነገር ግን ስለ ጣና የሚነደፉትን ሽፋኖች ስንመረምር ከዚህ ትምህርት ቤት የተወሰደው ጌጡ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስረዳው የምሞክረው አሳብ ይህ ነው፤ የጣና ቁም ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ለመጽሔት ነዳፊ የሚያወርሱት ዋናው ነገር የገጽ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ትቶ ጌጡን የወሰደ ንድፍ ውበቱ በጨመረ መጠን አንባቢውን ከጉዳዩ እያራቀው ይሄዳል። ይህም የመልክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ስለ ሐይቁ ሕመምና ስለ ሰዎች ክብር በሚጻፍበት ጊዜ የእውነት ጉዳይ ይሆናል።

፩. የተለመደው ሽፋን

ስለ ጣና የሚሠሩት የተማሪ ሽፋኖች በብዛት አንድ ዓይነት ናቸው። በላይ የመጽሔቱ ስም ይጻፋል፤ በመካከል ፀሐይ ስትጠልቅ በወርቃማ ውሃ ላይ የምትሄድ ታንኳ ትታያለች፤ በታንኳዋ ላይ የተቀመጠው ሰው እንደ ጥላ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያውን ከብራና መጽሐፍ የተገለበጠ ሐረግ ይከበዋል፤ መደቡም ያረጀ ብራና እንዲመስል ቡናማ ይቀባል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ አያስቀይምም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለአንባቢ የሚነግሩት ቃል «ይህ ጥንታዊ ነው፤ ውብም ነው» ከማለት አያልፍም። ሐይቁም ሆነ ሰዎቹ በዚህ ወር ምን እንደ ደረሰባቸው፥ መጽሔቱም ለምን ዛሬ እንደ ታተመ ሽፋኑ አይናገርም።

ታንኳዋን እንመልከት። ታንኳ የምትሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳዋ ለጥቂት ጊዜ ካገለገለች በኋላ በአዲስ መተካት አለባት። እንግዲህ ታንኳ ማለት ሁልጊዜ የሚሠራ እጅ፥ ሁልጊዜም የሚታጨድ ደንገል ማለት ነው። የምሽቱ ፎቶግራፍ ግን እጁን በጨለማ ይሸፍነዋል፤ ደንገሉም ጥቁር መስመር ብቻ ይሆናል። የሠሪው ፊት ተደምስሶ ሥራው ለጌጥ ተወስዷል ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ሥዕል ከየት እንደ መጣ ማሰብ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኢትዮጵያን ቱሪዝም ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር አውጥተው አገሪቱን ለውጭ ሰው ባስተዋወቁ ጊዜ፥ ሥዕሎቹ የተዘጋጁት ከሩቅ ያለውን እንግዳ ለመጥራት ነበር። ለዚያ ተግባር ፀሐይና ውሃ፥ ታንኳና ደሴት ተገቢ ነበሩ። እንግዳን የሚጠራ ሥዕል አንድ ነገር ነው፤ ቤተ ሰብን የሚያነጋግር ሥዕል ሌላ ነው። በባሕር ዳር የሚኖር አንባቢ ሐይቁን ጠዋትና ማታ ያየዋል። ለእርሱ ሐይቁ ውብ መሆኑን መንገር ለባለቤቱ የገዛ ቤቱን በር እንደ ማሳየት ነው። የአገር መጽሔት ነዳፊ በእንግዳ ዓይን የተሠራውን ሥዕል ለባለ አገሩ መልሶ ሲሸጥለት ተግባሩን ስቷል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ክፈፉም እንዲሁ ነው። በዓለም ከታወቁት መጽሔቶች መካከል ታይም ቀዩን ክፈፍ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ይዞታል፤ ናሽናል ጂኦግራፊክም በቢጫ ክፈፉ ከሩቅ ይለያል። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1936 በወጣው ታይም ላይ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዓመቱ ሰው ተብለው በሽፋኑ ላይ ሲቀርቡ፥ ክፈፉ በሌሎች ሰዎች ዙሪያ ከነበረው የተለየ አልነበረም። የክፈፉ ጥቅም ይኸው ነው፤ በየእትሙ ሳይለወጥ እየቆየ በመካከሉ ያለው እንዲለወጥ ያደርጋል። የእኛ ተማሪ ግን ሐረጉን የሚያመጣው ጉዳዩ ጣና ስለሆነ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እትም ጉዳዩ ስለ ጤፍ ዋጋ ቢሆን ሐረጉ ይጠፋል። ስለዚህ የመጽሔቱ መታወቂያ አልሆነም፤ የጉዳዩም ማስረጃ አይደለም።

፪. መጽሐፉ የሚዘጋበትና በሩ የሚናገርበት

ከጣና መጻሕፍት ሽፋንን እንማር ብንል በመጀመሪያ የምናገኘው ዝምታን ነው። የብራና መጽሐፍ ሽፋኑ ሁለት የእንጨት ገበታ ነው፤ አንዳንዱ እንዲሁ ራቁቱን ይተዋል፥ አንዳንዱም በቆዳ ተለብጦ በጋለ ብረት ይደጎሳል፤ በመካከሉም መስቀል ይወጣበታል። ከዚያም በቆዳ ማኅደር ውስጥ ገብቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በውጭ በኩል አርእስትም፥ የደራሲ ስምም፥ ሥዕልም አይታይም። ገበታው ብራናውን ለመጠበቅ የተሠራ ነው እንጂ ለማስታወቅ አይደለም። በገዳሙ ውስጥ መጽሐፉን የሚፈልገው ሰው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ያውቃልና።

መጽሔት ግን በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ከብዙ ዓይነት ወረቀት ጋር ተደርድሮ መንገደኛውን መጥራት አለበት። ስለዚህ ለመጽሔት ሽፋን አብነት የሚሆነን የመጽሐፉ ገበታ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው። በዘጌ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፥ በደቅ ደሴትም በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ናርጋ ሥላሴ የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ቤቱ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን አልፎ መቅደሱ ጋ ሲደርስ ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። በግድግዳው ላይ ብዙ ታሪክ ተደርድሯል፤ በመቅደሱ በር ላይ ግን ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ቆሞ ይጠብቃል። ምስሉ ትልቅ ነው፤ ፊቱን ወደሚመጣው ሰው መልሷል፤ ዙሪያው በጥቁር መስመር ተለይቷል፤ ቀለሙም ጥቂት ነው። ከሩቅ ቢታይ አይጠፋም። ሠዓሊው በበሩ ላይ ታሪክን አልዘረዘረም፤ ዝርዝሩን ለግድግዳው ትቶታል።

ይህ ለሽፋን ነዳፊ ትልቅ ትምህርት ነው። ሽፋኑ በር፥ የውስጡ ጥንድ ገጽ ደግሞ ግድግዳው ነው። ብዙ ተማሪዎች በሽፋኑ ላይ አምስት ትንንሽ ሥዕልና ስምንት አርእስት ሲደረድሩ ግድግዳውን በበሩ ላይ መለጠፋቸው ነው። የሚያልፈው ሰው በሁለት ቅጽበት ውስጥ አንዱንም ሳይዝ ይሄዳል።

ከዚሁ ጋር ሊታወስ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በጥንታዊው የአሣሣል ልማዳችን ጻድቁ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ በፊት ለፊቱ ይሣላል፤ ከሐዲውና ርኩስ መንፈሱ ግን በጎኑ፥ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ይሣላል። ይህን ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ዛሬም በሐይቁ ዙሪያ ብዙ ነው። ተማሪው የአንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ፎቶግራፍ በጎኑ አንሥቶ በሽፋን ላይ ሲያወጣው ከአውሮፓ መጽሔት የተማረውን ውበት ይከተላል፤ አንባቢው ግን ሳያስበው ሌላ ነገር ሊሰማው ይችላል። በጎን የተነሣ ፎቶግራፍ ሁሉ ይቅር አልልም፤ ነዳፊው የአንባቢው ዓይን የት እንደ ሠለጠነ ማወቅ አለበት እላለሁ።

፫. ጥንድ ገጽ በወንጌል መጻሕፍት

የብራናው መጽሐፍ በውጭ ዝም ብሎ ሲገለጥ ግን መናገር ይጀምራል። ከባሕር ዳር ቅርብ በሆነው በክብራን ገብርኤል ገዳም በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሥዕል ያለው ወንጌል እንዳለ የታወቀ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 የጣናን ደሴቶች መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥተው፥ ከ1973 ጀምሮ ዝርዝራቸውን አሳትመዋል። ክብራን ለሴቶች የተከለከለ ደሴት ስለሆነ ይህ ዓይነቱ ሥራ ለሴት ተማሪዎች የበለጠ ዋጋ አለው፤ ቦታው ድረስ ሄዶ ለመመልከት የማይችል ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው በተነሣ ፎቶግራፍ ነውና።

በወንጌል መጻሕፍት ውስጥ የተለመደው ሥርዓት እንዲህ ነው። በግራው ገጽ ወንጌላዊው ተሥሎ ይታያል። በቀኙ ገጽ የእርሱ ወንጌል ይጀምራል። በቀኙ ገጽ ራስ ላይ ሐረግ ይዘረጋል፤ ከሐረጉ በታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በቀይና በጥቁር ቀለም እየተፈራረቁ ይጻፋሉ፤ ጽሑፉ በሁለት ዓምድ ይወርዳል፤ ኅዳጉም በታችና በውጭ በኩል ሰፊ ሆኖ ለጣት መያዣ ይተዋል። ከመጻፉ በፊት ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ ቀለም በሌለው ሹል መሣሪያ ያሰምረዋል። እንግዲህ ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ የማይታዩ መስመሮችን ዘርግተን የምንሠራውን ሥራ እነዚያ ጸሐፊዎች በወስፌ ይሠሩት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፥ ሐረግ ሥራ አለው። ሐረግ የሚታየው መጽሐፍ ወይም ክፍል በሚጀመርበት ስፍራ ነው፤ «ከዚህ ጀምር» የሚል ምልክት ነው። በየገጹ ቢደረግ ምልክትነቱ ይጠፋል። ተማሪው ሐረጉን በአራቱም ማዕዘንና በየገጹ ሲያደርገው ገጹን የሚያስጌጥ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የመንገድ ምልክትን በየአንድ እርምጃው እንደ ተከለ ሰው ሆኗል።

ሁለተኛ፥ ቀይ ቀለም ሥራ አለው። በብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም የጽሑፉን መጀመሪያና የከበሩትን ስሞች ይለያል። የእኛ ፊደል እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው የዓረፍተ ነገር መጀመሪያና የሰው ስም በቅርጽ አይለይም፤ ጸሐፊዎቹ ይህን ጉድለት በቀለም ሞሉት። የመጽሔት ነዳፊም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በቀላሉ አያገኝም። አንድ ቀለም ብቻ መርጦ፥ ያንንም ለአርእስት፥ ለመግቢያው መስመርና ለተናጋሪው ስም ቢያውለው ገጹ በራሱ ይነበባል።

ሦስተኛ፥ ሥዕሉና ጽሑፉ ይተያያሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም። ዛሬ ግን ጽሑፉን በፎቶግራፉ ላይ ማተም የተለመደ ሆኗል። ሥዕሉ በሁለቱም ገጽ ላይ ሞልቶ፥ አርእስቱም ከግራ ወደ ቀኝ እጥፋቱን ተሻግሮ ይጻፋል። መጽሔቱ ሲሰፋ እጥፋቱ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ይውጣል፤ የሰው ፊት በእጥፋቱ ላይ ከወደቀም ለሁለት ይከፈላል። የብራናው ጸሐፊ እጥፋቱን እንደ ወሰን አክብሮት በሁለቱ ወገን ሁለት የተለያየ ሥራ ሰጥቷል።

ከእነዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። በወንጌል መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ የአውሳብዮስ ሠንጠረዥ የሚባለው ይገኛል፤ በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትና በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠሩ የተገመቱት ወንጌሎችም ይህ ሠንጠረዥ አላቸው። በአራቱ ወንጌል ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነው ታሪክ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ በዓምዶች መካከል በቁጥር ተደርድሮ ይታያል፤ በላዩም ቅስት ተሠርቶለታል። ቁጥሩ እንደ አዕማድ፥ ገጹም እንደ ቤት ሆኖ ይነበባል። መረጃን በሠንጠረዥ አሳምሮ ማቅረብ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚል ተማሪ ይህን ገጽ ይመልከት።

፬. የፊደል ነገር

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በብረት ተቀርጾ የታተመው በአገራችን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ሰው በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊትን ባሳተመ ጊዜ ነው። ከዚያም በ1548 እና በ1549 ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ከጥንት ጀምሮ ፊደላችን ለላቲን በተዘጋጀ ማተሚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኖ ገብቷል ማለት ይቻላል። ዛሬም ተማሪው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚያገኘው የገጽ ቅርጽ ለላቲን ፊደል የተለካ ነው። ከዚህ የሚመጡት ጉድለቶች በተማሪዎች ጥንድ ገጽ ላይ ሁሉ ይታያሉ።

የመጀመሪያው ጉድለት የዓምዱ ጥበት ነው። ለእንግሊዝኛ መጽሔት በሦስት ዓምድ የተከፈለ ገጽ ይስማማል። አማርኛ ግን ቃሉን በፊትና በኋላ እየጨመረ ያስረዝመዋል፤ «ስለማይመለከታቸው» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ያህል ይሆናል። በጠባቡ ዓምድ ውስጥ አንዱ መስመር ከአራት ወይም ከአምስት ቃል በላይ አይዘልቅም። ተማሪው ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ሲያስገድደው በቃላቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይከፈታል፤ ክፍተቱም ከመስመር መስመር እየተያያዘ በገጹ ላይ ነጭ ወንዝ ይወርዳል። የጥንቱ ጸሐፊ ቃላቱን በሁለት ነጥብ ስለሚለያቸው ቃሉን ከየትም ስፍራ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ማሳለፍ ይችል ነበር፤ ነጥቡ እስኪመጣ ድረስ ቃሉ አላለቀምና። እኛ ነጥቡን በባዶ ቦታ ከለወጥነው ወዲህ ይህ ነፃነት የለንም። ስለዚህ መፍትሔው ሁለት ነው፤ ወይ ዓምዱን ሁለት አድርጎ ማስፋት፥ ወይ የቀኙን ጠርዝ ሳያስተካክሉ መተው። ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉድለት የመስመሮቹ መጠጋጋት ነው። በላቲን ጽሑፍ ትንንሾቹ ፊደላት ብዙውን ቦታ ስለሚይዙ በመስመሮቹ መካከል አየር ይገኛል። የእኛ ፊደላት ግን አብዛኞቹ ሙሉ ቁመት ያላቸው ናቸው። በዚያው የመስመር ርቀት ሲጻፉ ገጹ እንደ ግንብ ይደፈናል። በመስመሮቹ መካከል ጥቂት ቦታ ብንጨምር አንባቢው ሳይደክም ይወርዳል።

ሦስተኛው ጉድለት ውፍረትን በግድ መጨመር ነው። ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደል ዓይነቶች የተሠሩት በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ተማሪው አርእስቱን ለማጉላት ማሽኑን «አወፍር» ብሎ ያዘዋል፤ ማሽኑም የፊደሉን ቀዳዳ ይደፍነዋል። በእኛ አጻጻፍ ትንሿ ጭረት ትርጉም ትለውጣለች። «ገቡ» እና «ገቢ» የሚለያዩት ጭረቲቱ በመካከል ወይም በግርጌ በመሆኗ ብቻ ነው። ይህች ጭረት ከደበዘዘች ሰዎች ገቡ የተባለው ነገር የገንዘብ ገቢ ሊሆን ነው። ስለዚህ አርእስትን ማጉላት የሚሻለው በመጠን፥ በቀለምና በዙሪያው በሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ፊደልን እንደ ላቲን ማጋደልም ከዚሁ የሚቆጠር ስሕተት ነው፤ በቁም ጽሕፈት ልማድ የለንምና።

ይህን ትምህርት በአገራችን ለማስፋፋት የደከሙ ሰዎች ነበሩ። በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ይገዙ ብስራት ቁም ጽሕፈትን ያስተምሩ ነበር፤ ከእርሳቸው ከተማሩት አንዱ ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎ በዓለም ታውቋል። ፊደሉ ወደ ሥዕል ሸራ ለመግባት መምህር ካገኘ፥ ወደ መጽሔት ገጽ ለመግባትም መምህር ሊያጣ አይገባውም።

፭. ሁለት ፈተናዎች፤ እምቦጭና ወንዛዬ

ከላይ የተባለው ሁሉ እውነተኛ ጉዳይ ሲመጣ ምን እንደሚጠቅም በሁለት ምሳሌ እንፈትነው።

አንደኛው እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ይህ አረም በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ብርሃን ይከለክላል፤ የዓሣ አጥማጁን መረብና ጀልባ ያግዳል፤ በደምቢያና በፎገራ በኩል ያለው ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ነዳፊውን የሚያስቸግረው ግን ይህ ነው፤ አረሙ ውብ ነው። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፥ አበባውም ሐምራዊ ነው። ከቅርብ የተነሣው አበባ በሽፋን ላይ ቢወጣ መጽሔቱ ይሸጥ ይሆናል፤ አንባቢው ግን ሐይቁ አበበ ብሎ ያልፋል። ከሩቅ ቢነሣም ለምለም መስክ ይመስላል። የተለመደው የሽፋን ውበት በዚህ ስፍራ ሐሰት ይሆናል።

የመቅደሱን በር ሥርዓት ብንከተልስ? አንድ ከሥሩ የተነቀለ እምቦጭ፥ በአንድ ሰው እጅ ተንጠልጥሎ፥ በነጭ መደብ ላይ፥ ፊት ለፊት ይነሣ። ከላይ አበባው፥ ከታች ጭቃ የሚያንጠባጥበው ጥቁሩ ረጅም ሥር ይታያል። ውበቱና ጉዳቱ በአንድ ምስል ተገናኙ። በውስጡ ጥንድ ገጽ ላይ ደግሞ በግራው የአንድ ዳርቻ ፎቶግራፍ፥ ቦታውና የተነሣበት ቀን ተጽፎ፥ በቀኙ ጽሑፉ በሁለት ዓምድ ይሁን። በሚቀጥለው ጥንድ ገጽ፥ እንደ አውሳብዮስ ሠንጠረዥ፥ በአንዱ ዓምድ ዓመቱ፥ በሌላው የተሸፈነው ስፋት፥ በሦስተኛው የተነቀለው ይደርደር። ቁጥሩ በእጅ ከሌለ ግን ሠንጠረዡ አይሠራ፤ ባዶ ቅስት ከመሥራት ገጹን መተው ይሻላል።

ሁለተኛው ፈተና ወንዛዬ ነው። በደራ ወረዳ፥ ወደ ጣና በሚገባው በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውሃ ሕመምተኛ ለመፈወስ የሚታጠብበት ስፍራ ነው። ስለ እርሱ ጽሑፍ የሚነድፍ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበው እንፋሎቱንና የሚታጠቡትን ሰዎች ማንሣት ነው። ነገር ግን ሕመምተኛ ገላውን ገልጦ የመጣው ለውሃው እንጂ ለመጽሔቱ አይደለም። ፊቱ በሽፋን ላይ ወጥቶ በጎረቤቱ ሱቅ ቢሰቀል ሕመሙን ለአገር ሁሉ መንገር ነው። እንፋሎት ብቻውን ደግሞ የትም ያለ እንፋሎት ነው። ከውሃው ዳር የተቀመጠ በትርና አንድ ጥንድ ጫማ ቢነሣ ግን ሰውየው ሳይታይ ሰውየው አለ፤ ከሩቅ መምጣቱን ጫማው፥ መድከሙን በትሩ ይናገራል። ፈቅዶ የተናገረ ሰው ካለም ስሙ በቀይ ተጽፎ ቃሉ በዓምዱ መጀመሪያ ይቀመጥ።

ስለ ስም ካነሣን ዘንድ፥ በዳጋ እስጢፋኖስ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሠራው የእመቤታችን ሥዕል የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን ስም ይዞ ቆይቷል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በሚታተም መጽሔት ላይ የፎቶግራፍ አንሺው፥ የታንኳ ሠሪውና የተናጋሪው ስም የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።

፮. ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አስተያየት ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንዱ፥ መጽሔት የንግድ ዕቃ ስለሆነ መሸጥ አለበት፥ ውብ ሥዕል ከሌለውም አይገዛም የሚል ነው። መሸጥ እንዳለበት አምናለሁ። ነገር ግን የመልአኩ ሥዕል በበሩ ላይ የተሣለው ሰውን ለማቆም ነው፤ አቁሞታልም። አንድ ነገርን ብቻ በግልጽ የሚያሳይ ሽፋን ከአምስት ደብዛዛ ሥዕል ይልቅ መንገደኛን ያቆማል። ሽፋኑ የሰጠውን ተስፋ ውስጡ ካልፈጸመው ደግሞ ገዢው በሚቀጥለው ወር አይመለስም።

ሁለተኛው፥ ለጸሎት ከተሠራ መጽሐፍ ለገበያ የሚሆን ነገር መውሰድ ድፍረት ነው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ከዚህ ጽሑፍ ጋርም አይጣላም። መስቀሉንና ቅዱሱን ሥዕል ወስዶ ለማስታወቂያ ማዋልን እኔም አልደግፍም። የዓምዱ ስፋት፥ የኅዳጉ መጠን፥ የቀዩ ቀለም አገልግሎት፥ የግራና የቀኝ ገጽ መተያየት ግን የእጅ ሙያ ነው። ሙያ ሲማሩት አይረክስም። እንዲያውም ሐረጉን ቆርጦ የሚለጥፈው ተማሪ የተቀደሰውን በቀላሉ ሲያውለው፥ ሥርዓቱን የሚያጠናው ተማሪ የበለጠ ያከብረዋል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ በዚህ ዳርቻ ንድፍ የሚማር ሰው ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት የአንድ ብራና መጽሐፍ ጥንድ ገጽ፥ መጽሐፉ ባይገኝ ፎቶግራፉን፥ በማስመሪያ ይለካ። ኅዳጉ ስንት ነው? ዓምዱ ስንት ፊደል ይይዛል? ቀዩ ስንት ጊዜ ታየ፥ በምንስ ላይ? ሐረጉ የት ጀምሮ የት አበቃ? ይህን በወረቀት ላይ ከጻፈ በኋላ ስለ ራሱ ሽፋን ሦስት ጥያቄ ይመልስ፤ ከአሥር እርምጃ ርቀት ምን ይታያል? የሚታየው ነገር ጉዳዩን ይናገራል ወይስ ይሸፍነዋል? በሥዕሉ ያለው ሰው መጽሔቱን ቢያየው ይደሰታል ወይስ ያፍራል?

እነዚህን መልሶ የሠራው ሽፋን ሐረግ ላይኖረው ይችላል፤ ታንኳም ላይታይበት ይችላል። የጣና ሥራ መሆኑ ግን በገጹ አደራደር ይታወቃል። አንባቢውም ገጹን ሲገልጥ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ያውቃል።